ሁለተኛው ዙር ዓሣ መቼ ይግባ? የድሬዳዋ ሙቀት፣ ውሃና መብራት የሚሰጡት መልስ

አዲስ አኳሪየም ከተተከለ ሁለት ሦስት ሳምንት ሲሞላው በየቤቱ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይነሳል። የመጀመሪያው ሳምንት ድፍርስ ጠርቶ መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ያሳያል። መጀመሪያ የገቡት ሦስት አራት ዓሦች ምግብ ሲጣልላቸው ተሽቀዳድመው ይወጣሉ። ገንዳው ግን ለዓይን ገና ባዶ ነው፤ ልጆች "ሌላም ይጨመር" እያሉ ይወተውታሉ፣ ሻጩም "ከእንግዲህ ችግር የለውም" ይላል። በድሬዳዋዎቹ ሰፈሮች በከዚራም ይሁን በሳቢያን፣ በመኖሪያ ቤትም ይሁን በካፌ ወይም በክሊኒክ እንግዳ መቀበያ፣ አዲስ ገንዳ ዓሣውን የሚጨርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከዚህ ውሳኔ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ሊቀር የሚችል ሞት መሆኑ ደግሞ የበለጠ ያሳዝናል።

የሁለተኛውን ዙር ጊዜ የቀን መቁጠሪያ አይወስነውም፤ የውሃው መጥራትም አይወስነውም። የሚወስነው ገንዳው እስካሁን የሚመነጭበትን ቆሻሻ በየቀኑ ጨርሶ መለወጥ መቻሉ ነው። ይህን ለማወቅ ደግሞ ለሌላ አገር የተጻፈ መመሪያ እንዳለ መውሰድ አይበቃም። ድሬዳዋ ሙቀቷ፣ ኖራ የበዛበት ውሃዋ፣ የውሃ ፈረቃዋና የመብራቷ መቆራረጥ የራሷ ናቸው፤ አራቱም መልሱን ይለውጡታል።

በጠራው ውሃ ውስጥ ያለው

ዓሣ በምግቡ ያገኘውን ፕሮቲን ሲጠቀምበት የሚተርፈው ዋና ቆሻሻ አሞኒያ ነው። አብዛኛውን በስንጥቡ በኩል በቀጥታ ወደ ውሃው ያስወጣዋል፤ ከኩሱና ሳይበላ ከቀረው ምግብም ተጨማሪ ይመጣል። በሐይቅ ውስጥ ይህ በብዙ ውሃ ይሳሳል። በ60 ሊትር መስታወት ውስጥ ግን መሄጃ የለውም፤ የሚያወጣውን ዓሣ ራሱን መልሶ ያቃጥለዋል።

መፍትሔው ባክቴሪያ ነው። ሩሲያዊው ሳይንቲስት ሰርጌይ ቪኖግራድስኪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ እንዳሳየው፣ ሥራው በሁለት ደረጃ ይከናወናል፤ አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሁለተኛው ወገን ናይትራይትን ብዙ ወደማይጎዳው ናይትሬት ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት በቤት አኳሪየም ውስጥ ሁለተኛውን ሥራ የሚሠሩት ለረጅም ጊዜ ሲታሰብ እንደነበረው ናይትሮባክተር የተባሉት ሳይሆኑ ናይትሮስፓይራ የተባሉት መሆናቸውን አመለከተ። በ2015 ደግሞ አንዳንድ የናይትሮስፓይራ ዝርያዎች ሁለቱንም ደረጃ ብቻቸውን መፈጸም እንደሚችሉ ታወቀ። ለዓሣ አርቢው ከስማቸው የበለጠ የሚጠቅመው ዝግ ብለው የሚራቡ መሆናቸውን ማወቅ ነው። አንዳንድ የአንጀት ባክቴሪያ በተመቸው ጊዜ በ20 ደቂቃ እጥፍ ይሆናል፤ እነዚህ ግን እጥፍ ለመሆን ግማሽ ቀን፣ አንድ ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጅባቸዋል።

ሁለተኛው ወገን የሚበላው አንደኛው ወገን ያመረተውን ስለሆነ፣ ተራውን ጠብቆ ነው የሚነሳው። ስለዚህ በአዲስ ገንዳ ውስጥ አሞኒያ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ሳምንት ይወጣል፤ እርሱ ሲወርድ ናይትራይት ይተካና ብዙውን ጊዜ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ድረስ ይቆያል። ሁለቱም ዜሮ እስኪገቡ ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ውሃ በጥቅሉ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ያስፈልጋል።

በመጀመሪያው ሳምንት ውሃውን ወተት የሚያስመስሉት ባክቴሪያዎች ሌሎች ናቸው። የምግብና የቆሻሻ ፍርፋሪ አግኝተው በፍጥነት ይራቡና ያ ሲያልቅባቸው ይረግባሉ፤ ውሃው ይጠራል። የሚጠራበት ሳምንት ታዲያ ናይትራይት ከሚወጣበት ሳምንት ጋር ይገጥማል። ዓሣ ለመጨመር ልብ የሚነሳሳበትና ገንዳው ጭነት ለመሸከም ደካማ የሆነበት ወቅት አንድ ላይ ይወድቃሉ ማለት ነው። ናይትራይት ቀለም የለውም፣ አይሸትም። በስንጥብ በኩል ገብቶ በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ይለውጠዋል፤ ደሙ ቡናማ ይሆናል፤ ዓሣው ኦክስጅን በሞላበት ውሃ ውስጥ ሆኖ ታፍኖ ይሞታል። ጠዋት ላይ ዓሦች ውሃው ገጽ ላይ ተሰልፈው አፋቸውን ሲከፍቱና ሲዘጉ የሚያይ ቤተሰብ "አየር አነሳቸው" ብሎ ፓምፑን ያጠነክራል። የአየር ፓምፕ አይጎዳም፤ ደሙ ኦክስጅኑን መሸከም ካቃተው ግን ብቻውን አያድንም።

እነዚህ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፉ አይደሉም። በማጣሪያው ስፖንጅ፣ በጠጠሩ፣ በተክሉ ቅጠልና በመስታወቱ ላይ ተጣብቀው ይኖራሉ፤ ብዛታቸውም በሚያገኙት ምግብ ልክ ነው። አራት ዓሣ ባለበት ገንዳ ውስጥ ለአራት ዓሣ የሚበቃ ባክቴሪያ አለ፣ ለስምንት የሚበቃ የለም። ስምንት ሲሆኑ ቆሻሻው የዚያኑ ዕለት እጥፍ ይሆናል፤ ባክቴሪያው ግን ቀናት ያስፈልጉታል። በዚያ መሀል ያለውን ክፍተት የሚከፍለው ዓሣው ነው።

የድሬ ውሃ በአንድ በኩል ደግ፣ በሌላ በኩል ጨካኝ ነው

ድሬዳዋ የምትጠጣው ከከርሰ ምድር የሚወጣ፣ ኖራ የበዛበት ውሃ ነው፤ በማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት ምስክር ነው። ይህ ውሃ ለባክቴሪያዎቹ ስንቅ ነው። አሞኒያን በሚለውጡበት ጊዜ በውሃው ውስጥ ያለውን፣ አሲድን የሚያለዝበውን ባይካርቦኔት ይጨርሳሉ፤ ለስላሳ፣ ማለትም ኖራ ያነሰበት፣ ውሃ ባለበት አገር ባይካርቦኔቱ አልቆ ፒኤች (ዝቅ ሲል አሲድነትን የሚያሳይ መለኪያ) በድንገት ይወርድና ሥራቸው ይቆማል። እዚህ ያ ስጋት አነስተኛ ነው። ሙቀቱም ያግዛል፤ አብዛኛውን የዓመቱ ክፍል ማሞቂያ ሳይገዙ ውሃው ባክቴሪያ በሚወደው ሙቀት ላይ ይውላል።

ችግሩ ይኸው ውሃና ይኸው ሙቀት አሞኒያን የሚያከፉ መሆናቸው ነው። አሞኒያ በውሃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ አንደኛው ብዙ የማይጎዳው አሞኒየም፣ ሁለተኛው ስንጥብን ዘልቆ የሚገባው መርዘኛ አሞኒያ። በመካከላቸው ያለውን ድርሻ የሚወስኑት ፒኤችና ሙቀት ናቸው። ፒኤች 7 በሆነ የ25 ዲግሪ ውሃ ውስጥ መርዘኛው ከጠቅላላው 0.6 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ፒኤች 8 ሲሆን በዚያው ሙቀት 5.4 በመቶ ይደርሳል። ሙቀቱ ወደ 30 ሲወጣ ደግሞ 7.4 በመቶ አካባቢ ይሆናል። ኖራ የበዛበት የጉድጓድ ውሃ በአየር ፓምፕ ሲናጥና በውስጡ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲወጣለት ፒኤቹ ወደ 8 ማምራቱ የተለመደ ነገር ነው። ስለዚህ በአንድ ሊትር 1 ሚሊግራም ጠቅላላ አሞኒያ ለስላሳ ውሃ ባለው ከተማ ዓሣውን ሲያስቸግረው፣ በግንቦት ድሬዳዋ ውስጥ ከአሥር እጥፍ በላይ መርዝ ይዞ ይመጣል። የምርመራ ወረቀቱ ላይ የሚነበበው ቁጥር በሁለቱም ቦታ አንድ ነው፤ ትርጉሙ ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃል።

እኔ ከዚህ የምደርስበት መደምደሚያ ግልጽ ነው፤ በድሬ ገንዳው ቶሎ ይበስላል፣ ማለትም ባክቴሪያው ቶሎ ይሟላለታል፣ ስህተትን ግን አይታገስም። "ትንሽ አሞኒያ ቢኖርም ይወርዳል" ብሎ ዓሣ መጨመር እዚህ አይሠራም። ዜሮ ማለት ዜሮ መሆን አለበት።

ምርመራው፣ በተለይም የናይትሬት ወጥመድ

ብዙ መመሪያዎች "ናይትሬት ከታየ ገንዳው በስሏል" ይላሉ። ይህ አባባል ድሬዳዋ ላይ ሰውን ያሳስታል። በከተማዋ የከርሰ ምድር ውሃ ውስጥ ከመጸዳጃ ጉድጓድና ከከተማ ቆሻሻ የሚሰርግ ናይትሬት ከፍ ብሎ መገኘቱ ከአሥርተ ዓመታት በፊት ጀምሮ የታወቀ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 50 ሚሊግራም ነው፤ ዓሣ ሳይገባበት ገና ከቧንቧው ሃያ ወይም ሠላሳ ሚሊግራም ይዞ የመጣ ውሃ በመጀመሪያው ቀን "የበሰለ" ይመስላል። ስለዚህ አኳሪየም የሚጀምር ሰው ከሁሉ በፊት የሚመረምረው የቧንቧውን ውሃ ነው። ያ ቁጥር ተጽፎ ካልተቀመጠ በኋላ የሚነበበው ናይትሬት ከየት እንደመጣ መለየት አይቻልም።

ለመጨመር ፈቃድ የሚሰጡት ሁለቱ ዜሮዎች ናቸው። ዓሦቹ እንደ ወትሮው እየተመገቡ፣ አሞኒያም ናይትራይትም ለሰባት ተከታታይ ቀናት ዜሮ ከሆኑ ገንዳው የያዘውን ጭነት ተሸክሟል። "እንደ ወትሮው እየተመገቡ" የሚለው መዘንጋት የለበትም፤ ምግብ ተቀንሶ የተገኘ ዜሮ ገንዳው ምን ያህል እንደሚችል አይናገርም። ዓሣ ሳያስገቡ አሞኒያ እየጨመሩ የሚያበስሉ ሰዎች ደግሞ በሊትር 2 ሚሊግራም ያህል ጨምረው፣ በ24 ሰዓት ውስጥ አሞኒያውም ናይትራይቱም ዜሮ መግባታቸውን ያያሉ። ይህኛው ዘዴ ዓሣን ከስቃይ ስለሚያድን ከሁሉም የምመርጠው ነው።

መመርመሪያ ፈሳሹ ድሬ ላይ በየሱቁ አይገኝም። አንድ ጠርሙስ ግን ለብዙ ጊዜ ምርመራ ስለሚበቃ፣ አንድ ሰፈር ውስጥ ያሉ ሦስት አራት ዓሣ አርቢዎች በጋራ ቢያስመጡት ወጪው ይቀላል። ጭራሽ ካልተገኘ በትዕግሥት መካስ ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ ዓሦች በኋላ ስድስት ሳምንት ሳይሞላ አለመጨመር፣ በመካከሉ አንድም ዓሣ ክንፉን ሰብስቦ ጥግ ከያዘ፣ ስንጥቡ ከቀላ ወይም ውሃ ገጽ ላይ ከተንጠለጠለ ቆጠራውን ከዚያ ቀን እንደገና መጀመር። በመስታወቱ ላይ ቡናማ አቧራ የሚመስል ሽፋን መውጣቱ ገንዳው ዕድሜ እያገኘ መሆኑን ይጠቁማል፤ ብቻውን ግን ማረጋገጫ አይሆንም።

ጊዜውን በእውነት የሚያሳጥር አንድ መንገድ አለ፤ ከቆየና ጤነኛ ከሆነ ገንዳ የተወሰደ የማጣሪያ ስፖንጅ። ያለ እርሾ የተቦካ ሊጥ ዘግይቶም ቢሆን ኩፍ ማለቱ አይቀርም፤ እርሾ ያገኘው ግን በማግስቱ ይደርሳል። የወዳጅን ስፖንጅ ቆርጦ፣ ሳይደርቅ በራሱ ውሃ በላስቲክ አድርጎ በባጃጅ ማምጣትና በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ መክተት ስድስቱን ሳምንት ወደ ሁለት ወይም ከዚያ በታች ሊያወርደው ይችላል። ሰጪው ገንዳ ውስጥ በቅርቡ የታመመ ዓሣ እንዳልነበረ መጠየቅ ግን ግዴታ ነው። ስፖንጁን በቧንቧ ውሃ ማጠብ ደግሞ ልፋቱን ገደል ይከተዋል፤ ክሎሪኑ በስፖንጁ ላይ ያለውን ባክቴሪያ ይገድለዋል። መታጠብ ካለበት ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ባልዲ ውስጥ ጨመቅ ጨመቅ ማድረግ ይበቃል።

ስንት ይጨመር

"ለአንድ ሊትር አንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ" የሚለው ደንብ በሰፊው ይነገራል። ለመጨረሻው ብዛት ግምት ይሆን ይሆናል፤ በአንድ ጊዜ ስንት ይግባ ለሚለው ግን አንዳች አይናገርም። ከዚህም በላይ ርዝመት አሳሳች መለኪያ ነው። ርዝመቱ እጥፍ የሆነ ዓሣ ክብደቱ ስምንት እጥፍ ገደማ ነው፤ ቆሻሻው የሚከተለው ክብደቱንና የሚበላውን ምግብ ነው። አንድ 10 ሴንቲ ሜትር ጎልድፊሽ መጨመር ሦስት ትናንሽ ጋፒዎችን ከመጨመር ጋር በምንም አይተካከልም።

ባለ 60 ሊትር ገንዳ ውስጥ አራት ትናንሽ ዓሦች ካሉ፣ በአንድ ዙር ሁለት መጨመር፣ ከዚያ ሁለት ሳምንት መጠበቅ ጥሩ ፍጥነት ነው። ገንዳው እያደገ ሲሄድ ዙሩ ካለው ጭነት ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ እመክራለሁ። ለድሬ የሚስማሙት ኖራ የበዛበትን ውሃ የሚወዱት ጋፒ፣ ሞሊና ፕላቲ ናቸው። እንደ ኒዮን ቴትራ ያሉ የለስላሳ ውሃ ዓሦችን እዚህ ማምጣት በየዙሩ ተጨማሪ ሕመም መግዛት ነው። ጎልድፊሽ ደግሞ ቀዝቃዛ ውሃ የሚሻ፣ ብዙ የሚያቆሽሽና የሚያድግ ዓሣ ስለሆነ በጠባብ ክብ ብርጭቆ ውስጥ ተደርጎ ግንቦትን እንዲያልፍ መጠበቅ ጭካኔ ነው።

ጋፒን በተመለከተ ሌላም ነገር አለ። ሴቷ በአራት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች፤ በአንድ ጊዜ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ። የወንዱን ዘር ለወራት ስለምታቆይ ወንድ በሌለበትም መውለዷን ትቀጥላለች። ሴቶችና ወንዶች ጋፒዎችን ቀላቅሎ የጀመረ ሰው ምንም ሳይገዛ ሁለተኛው ዙር በራሱ ይመጣለታል። እንዲህ ላለው ገንዳ የመጨመር ጥያቄ ተገልብጦ የመቀነስ ጥያቄ ይሆናል፤ ገዝቶ ከመጨመር በፊት የተወለዱት ምን ያህል እንደሚተርፉ ሁለት ወር አይቶ መወሰን ይሻላል።

የመጨረሻውን ቁጥር የሚወስነው የግንቦት ሌሊት ነው

ሞቃት ውሃ ኦክስጅን የመያዝ አቅሙ ዝቅተኛ ነው። በባሕር ወለል ደረጃ 25 ዲግሪ የሆነ ውሃ በሊትር 8.3 ሚሊግራም ገደማ ይይዛል፤ 30 ዲግሪ ሲሆን ወደ 7.6 ይወርዳል። ድሬዳዋ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች የአየሩ ግፊት አነስተኛ ነው፤ ከዚያም ላይ 13 በመቶ ያህል ይቀነሳል። በ30 ዲግሪ 6.5 አካባቢ ቀረ ማለት ነው። ዓሣው ራሱ ሙቀት ሲጨምር የበለጠ ኦክስጅን ይፈልጋል፤ አሞኒያውን የሚለውጡት ባክቴሪያዎችም እንዲሁ። ተክሎች ቀን የሚሰጡትን ሌሊት ይቀበላሉ። ይህ ሁሉ ባለበት መብራት ቢጠፋ ፓምፑ ይቆማል፤ ማጣሪያው ዝግ ዓይነት ከሆነም በውስጡ ያሉት ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ መታፈን ይጀምራሉ።

በዚህ ምክንያት እኔ ለድሬ የማስበው የዓሣ ብዛት በመጽሐፍ ከሚገኘው ያንሳል። ለ60 ሊትር አሥራ አምስት ጋፒ የሚፈቅድ ደንብ እዚህ አሥር ላይ ቢቆም ይሻላል፤ ውሃው ከጥልቀቱ ይልቅ ስፋት ያለው ገንዳ ከሆነ ጥቂት ሊጨመር ይችላል፤ ኦክስጅን የሚገባው በገጹ ነውና። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መያዝ ከሁለት ተጨማሪ ዓሣ የበለጠ ዋጋ አለው። መብራት ለረጅም ሰዓት ጠፍቶ ከመጣ በኋላም ገንዳውን እንደ አዲስ ቆጥሮ፣ ሁለቱ ዜሮዎች ሳምንት ሙሉ እስኪታዩ ምንም አለመጨመር ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጨረሻ ባለው ሙቀት ዓሣ ባልጨምር እመርጣለሁ፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይበልጥ ይመቻል።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ከመጨመር በፊት መጠየቅ ያለበት አንድ ጥያቄ አለ፤ ነገ ናይትራይት ቢታይ የሚለወጥ ውሃ አለ ወይ? የገንዳውን ግማሽ የሚሆን ውሃ በጀሪካን ወይም በሮቶ ካልተቀመጠ ዙሩን ማዘግየት ነው። ከቧንቧ የመጣ ውሃ ለአንድ ቀን ክፍት ሆኖ ሲቆም ተራው ክሎሪን ይወጣለታል። ውሃ አጋር የተባለው የውሃ ማከሚያ ክሎሪን ወይም በረኪና የተጨመረበት የመጠጥ ውሃ ግን ወደ ገንዳ ከመግባቱ በፊት ከዚያ በላይ መቆየት ወይም በክሎሪን ማጥፊያ መታከም አለበት።

ውሃ ክፍት አድርጎ ማቆየት ሲነሳ አንድ ነገር በጥብቅ ማሳሰብ ግድ ይላል። ድሬዳዋ በ2013 እ.ኤ.አ. የዴንጊ ወረርሽኝ፣ በ2022 ደግሞ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ ከተባለችው የከተማ ትንኝ ጋር የተያያዘ የወባ ወረርሽኝ ያየች ከተማ ናት። ሁለቱንም በሽታዎች የሚያስተላልፉት ትንኞች በቤት ውስጥ የተጠራቀመ ንጹሕ ውሃ ይወዳሉ። የሚቆመው ባልዲና በርሜል በጥቅጥቅ መረብ ይሸፈን። ዓሣ ሳይገባበት ለሳምንታት የሚበስል ገንዳም እንዲሁ፤ እጩን የሚበላ ዓሣ ስለሌለበት ክፍት ከተተወ የትንኝ መፈልፈያ ይሆናል።

ሐረር ያሉ አንባቢዎች ይህን ሁሉ በጥቂቱ ማስተካከል ይኖርባቸዋል። የሐሮማያ ሐይቅ ከደረቀ በኋላ ከድሬዳዋ አካባቢ ጉድጓዶች በቧንቧ ወደ ላይ የሚገፋው ውሃ ለሐረርም ይደርሳል፤ ስለዚህ ኖራው ይመሳሰላል። ከተማዋ ግን ወደ 1,900 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፤ ማሞቂያ በሌለው ገንዳ ውስጥ ባክቴሪያው ይዘገያል። ለድሬ አምስት ሳምንት የበቃው እዚያ ሰባት ስምንት ሊፈጅ ይችላል።

አዲሱ ዓሣ ሲደርስ

አሁን ዓሣ በቴሌግራም ታዝዞ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ ወይም በአውሮፕላን ይላካል። ሙሉ ቀን በታሰረ ላስቲክ ውስጥ የቆየ ዓሣ አሞኒያውንም ትንፋሹንም እዚያው ያጠራቅማል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ውሃውን ወደ አሲድ ስለሚያዘነብለው አሞኒያው ብዙ በማይጎዳው መልኩ ተይዞ ይደርሳል። ላስቲኩ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ ፒኤቹ ይነሳል፣ የተያዘው አሞኒያ ወደ መርዝነት ይመለሳል። "ቀስ በቀስ ይልመድ" ተብሎ የድሬ ውሃ በላስቲኩ ውስጥ ጠብ ጠብ ሲደረግ ደግሞ ይህ ለውጥ ይፋጠናል። በደግ ሐሳብ የሚሠራ፣ ዓሣ የሚገድል ልማድ ነው።

በሌላ በኩል ከአዲስ አበባው የለገዳዲ የግድብ ውሃ ወደ ድሬ የጉድጓድ ውሃ በአንድ ጊዜ መዛወር ለዓሣው ሰውነት ድንጋጤ ነው። ሁለቱን ለማስታረቅ ሻጩን አንድ ነገር ማስቸገር ይበቃል፤ ዓሣ ያልገባበት፣ ከዚያው ከሻጩ አገር የተቀዳ ሁለት ሊትር ውሃ በጠርሙስ እንዲልክ። ላስቲኩ እንደታሰረ ገንዳው ላይ 20 ደቂቃ ተንሳፍፎ ሙቀቱ ይመሳሰላል። ከዚያ ተከፍቶ ዓሣው ወዲያው በመረብ ይወጣና በዚያ ንጹሕ ውሃ ወደተሞላ ባልዲ ይገባል፤ የገንዳው ውሃ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ በቀጭን ቱቦ ቀስ እያለ ይጨመርበታል። የላስቲኩ ውሃ ይደፋል፤ ወደ ገንዳው ጠብታ አይግባ።

ከባልዲው በቀጥታ ወደ ነባሮቹ መቀላቀልም አደጋ አለው። ነጭ ነጠብጣብ የተባለው በሽታ በድሬ ሙቀት የሕይወት ዑደቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለሚጨርስ፣ ሁለት ሳምንት በተለየ ዕቃ ማቆየት ብዙውን ጊዜ ያጋልጠዋል። ለዚህ ውድ ገንዳ አያስፈልግም፤ ንጹሕ የፕላስቲክ ሳፋ፣ ከዋናው ማጣሪያ የተቆረጠ ስፖንጅና የአየር ፓምፕ ይበቃሉ። ከላይ ያልኩት መረብ በዚህም ላይ ይደረግ።

ዓሣው ከገባ በኋላ ባለው ሳምንት ምግቡ በግማሽ ይቀነስ፤ አሞኒያና ናይትራይት ቢያንስ በሁለተኛው፣ በአራተኛውና በሰባተኛው ቀን ይታዩ። ጥቂት ናይትራይት ከታየ አንድ ሦስተኛውን ውሃ መለወጥ፣ ከዚያም ለ60 ሊትር አንድ የሻይ ማንኪያ፣ 6 ግራም ያህል፣ የገበታ ጨው በጥብጦ መጨመር ይረዳል፤ በጨው ውስጥ ያለው ክሎራይድ ናይትራይት በስንጥብ በኩል የሚገባበትን መንገድ ስለሚሻማው ነው። ከሰባት ቀን በኋላም ዜሮ ካልተመለሰ ዙሩ በዝቶ ነበር። በሚቀጥለው ዙር አንድ ብቻ ተጨምሮ ያው ነገር ከተደገመ ግን ማጣሪያው አቅሙን ጨርሷልና ገንዳው ሞልቷል፤ ከዚያ በላይ ለመጨመር ማጣሪያውን ወይም ገንዳውን ማሳደግ እንጂ ተጨማሪ ሳምንት መጠበቅ አይረዳም።

የተረፉ ጋፒዎችን ወደ ደቻቱ ወንዝ ኩሬዎች ወይም ወደ ሌላ የተፈጥሮ ውሃ መልቀቅ አይገባም፤ ለአካባቢው ባዕድ የሆነ ዓሣ ከነበሽታው የሚገባበት በር ነው። አዲስ ገንዳ የሚጀምር ጎረቤት ካለ ግን መጀመሪያ የማጣሪያውን ስፖንጅ ቁራጭ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ሦስት ጋፒ መስጠት ይቻላል።